የካፖው በግ

አለቃችንን ልንቃወም ተሰልፈን ወጣን፤ ምሳ አብልተነው ተመለስን።

ነገሩ ይኸው ነው። ከዚህ በላይ ማወቅ የማይፈልግ ሰው እዚህ ላይ ቢያቆም አልቀየመውም። እኔም ለብዙ ዓመት ከዚህ በላይ ተናግሬ አላውቅም። ሰው ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ፣ ከዚያ ወሬ እንለውጣለን።

ሀገራችን በዓል አጥታ አታውቅም። የምታጣው በዓሉ ለምን እንደመጣ የሚያስታውስ ሰው ነው። ሰው ምክንያቱን የሚረሳው መቼ እንደሆነ ስከታተል ኖሬያለሁ። በእኔ ግምት በጉ ሲመጣ ነው። በግ እስኪመጣ ድረስ ሁሉም ነገሩን ያውቀዋል፣ ይከራከርበታል፣ ይምልበታል። በጉ ደጅ ላይ አንዴ «ባዕ» ካለ በኋላ ግን የቢላዋው፣ የድስቱ፣ የእንጨቱ ጉዳይ ይነሳና ሌላው ሁሉ ለነገ ይቀጠራል። ተዝካር ላይ ተቀምጣችሁ ታውቁ ይሆናል። ሦስተኛው ዋንጫ ላይ ሟቹን የሚያስታውሰው ማን ነው? ሟቹ ራሱ ቢመጣ እንኳ «ግባ፣ ጠጋ በል፣ ብላ» ነው የሚባለው።

ጊዜው ጣልያን ከሀገር በወጣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ነው። ያኔ ሃያ ዓመት ሞልቶኝ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ የሚቆጥርልኝ ሰው አልነበረም። ከላስታ በእግሬ መጥቼ መቀሌ ጫፍ ላይ በነበረ የድንጋይ ካባ ውስጥ ተቀጠርኩ። ለምን እንደመጣሁ ሌላ ነገር ነው። ድንጋዩን እኛ እናወጣለን፣ እንፈልጣለን፤ የተፈለጠውን ጣልያን ትቶት የሄደው የድንጋይ መፍጫ መኪና ጠጠር ያደርገዋል፤ ጠጠሩ ለመንገድ ይሄዳል። መንገዱ ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቅንም።

ጣልያን ከመፍጫው ሌላ «ካፖ» የሚለውን ስምም ትቶልን ሄዷል፤ የሠራተኛ አለቃ ማለት ነው። የእኛ ካፖ ተስፋይ ይባላል። የሀገር ሰው ነው። በጣልያን ጊዜ ካፖ ነበር። ጣልያን ሲወጣ ባንዲራው ተለወጠ፣ ገንዘቡ ተለወጠ፣ የመንገዱ ስም ተለወጠ፣ ካፖው ግን እንዳለ ቀረ። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው ላመሰግነው ብዬ አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ሥራችን ይቀልልን ነበር።

አሁን ወደ ግደይ ልምጣ፤ የነገሩ ሁሉ መነሻ እሱ ነው። ኣያ ግደይ መፍጫውን ድንጋይ የሚያጎርስ፣ አርባ ዓመት ያለፈው፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። አንድ ጠዋት መፍጫው ከድንጋዩ ጋር የቀኝ እጁን ሦስት ጣቶች ወሰደ። ቁስሉ ሲደርቅ ካፖው አስጠራው።

«ኣያ ግደይ፣ እንግዲህ መዶሻ በምን ትይዛለህ? ግንቦት እስኪያልቅ ባራካው ውስጥ ተቀመጥ። ከዚያ ለሚሠራ ሰው ትለቃለህ» አለው።

ባራካ የምንለው ጣልያን ለሠራተኛ የሠራውን የቆርቆሮ ቤት ነው። ግደይ እዚያ ውስጥ ሚስትና ሦስት ልጆች አሉት። ከዚያ ከወጣ የሚሄድበት የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ብቻ ነው፤ ሦስት ጣት ለጎደለው ሰው መቼም እዚያ ቦታ አይጠፋም። እኛ የፈለግነው አንድ ነገር ነበር። ካባው ዘበኛ አልነበረውም፤ መዶሻና ድጅኖ በየሳምንቱ ይጠፋ ነበር። ግደይ ዘበኛ ይሁን፣ ባራካው ውስጥ ይቆይ። ዱላ ለመያዝ ግራ እጅ ይበቃል። ይህን ለካፖው ለመናገር ስንት ሰው ያስፈልጋል? አንድ። እኛ ግን ማኅበር አቋቋምን።

ሐሳቡን ያመጣው ዘርኡ ነው። ዘርኡ የመፍጫው መካኒክ፣ አስመራ ያደገ፣ ከመካከላችን ቱታ የሚለብስ ብቸኛ ሰው ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ «በዓለም ላይ ያለ ሠራተኛ ሁሉ በዓመት አንድ ቀን ሥራውን አቁሞ፣ ተሰልፎ፣ ጥያቄውን ለአለቃው ያቀርባል። ከዚያ ሜዳ ወጥቶ አብሮ ይበላል፣ ይጠጣል» አለን። የመጨረሻውን ሁላችንም በደንብ ሰማነው። በነገራችን ላይ ይህ ሁሉ የተባለው በትግርኛ ነው፤ ወደ አማርኛ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ያኔ ትግርኛዬ ገና የሚያነክስ ስለነበር የጎደለ ካለ የእኔ ነው።

«ቀኑ መቼ ነው?» አለ ኣቦይ ሐጎስ። ኣቦይ ሐጎስ የድንጋይ ጠራቢዎቹ ትልቅ፣ የሁላችንም አባት ነው። እሱ ሳይባርክ የምሳ ከረጢታችንን እንኳ አንፈታም።

«በእኛ ሚያዝያ ሃያ ሦስት ይውላል።»

«ጊዮርጊስ ነው።»

«ቢሆንስ?»

«በጊዮርጊስ መቼ ሠርተን እናውቃለን፣ ኣንታ ዘርኡ? ያልያዝከውን ሥራ እንዴት አድርገህ ታቆመዋለህ?»

ዘርኡ በጣቱ ቀን ቆጠረ። አስመራ ያስተማሩት ሰዎች ይህን አልነገሩትም።

«በማግሥቱ ይሁና።»

«ተክለ ሃይማኖት።»

«ሃያ አምስት።»

«መርቆሬዎስ። አማቴ ዝክር አለባት።»

«ሃያ ስድስት።»

«ዮሴፍ። ሃያ ሰባት እንዳትለኝ ብቻ፤ መድኃኔ ዓለም ነው።»

እንዲህ እያሉ ወሩን ጨረሱት። ኣቦይ ሐጎስ ሠላሳውንም ቀን ከነባለቤቱ ያውቃል። ባዶ ቀን የለም። አንድ ሠራተኛ በዚህ ሀገር ሥራ አቁሜ አለቃዬን ላሳጣው ቢል፣ አለቃው ድሮውንም ሥራ ያልጠበቀበት ቀን ላይ ያርፋል። የእኛ ቅዱሳን ከዘርኡ ዓለም ሠራተኞች ሁሉ ቀድመው አድማ መትተዋል።

«ዓርብ አድርጉት» አለ ሙሔ ከኋላ። «ዓርብ የእኛ ነው። እናንተ ትሠራላችሁ፤ የሚቆም ሥራ አይጠፋም።»

ሙሔ የወሎ ልጅ፣ ሙስሊም ነው። ጠጠር የምንሸከምበትን ባሬላ ሁለታችን ነበርን የምንይዘው፤ እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። የተናገረውን የሰማሁትን ያህል ፊቱን አላየሁትም። ማታም አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት እንለብስ ነበር። ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልጨምርም።

በመጨረሻ ግንቦት አራት ላይ ወደቁ። የዮሐንስ ወልደ ነጎድጓድ ቀን ነው፤ ኣቦይ ሐጎስ ጥቂት አሰበና «የነጎድጓድ ልጅ ቢሆንም ሠራተኛ ላይ አይቆጣም» ብሎ ፈቀደ።

ቀጥሎ ጽሑፉ መጣ። ሠልፍ ያለ ጽሑፍ አይሆንም አለ ዘርኡ። ከጣልያን የተረፈ የድንኳን ሸራ ተገኘ፣ ከመፍጫው ጥቁር ዘይት ተቀዳ። ቄስ ትምህርት ቤት ጥቂት ቆይቼ ስለነበር መጻፉ ለእኔ ተሰጠ። ሸራው አንድ ብቻ ስለሆነ መጀመሪያ መሬት ላይ በእንጨት ጽፌ አሳየኋቸው።

«ግደይ ከባራካው አይወጣም!»

«ይህማ ዛቻ ነው» አለ ኣቦይ ሐጎስ። «ሽፍታ ነን?»

በእግሬ አጠፋሁና «ግደይ ዘበኛ ይሁን» ብዬ ጻፍኩ።

«እኛ ማን ሆነን ነው የምንሾመው? ብርሃን ይሁን ያለው እግዚአብሔር ነው።»

«ግደይ ዘበኛ ቢሆን» አልኩ። እዚህ ላይ አንዱ ተነሥቶ፣ የሰው ስም በሸራ ላይ ሲውለበለብ ለዓይን ያጋልጣል አለ። ግደይም ራሱ፣ ጥግ ላይ ተቀምጦ የነበረው፣ «ስሜን አውጡልኝ ሓወይ፣ በእናታችሁ» አለ፤ ሓወይ ወንድሜ ማለት ነው። ስሙ ወጣ። «ዘበኛ ቢሆን» ብቻ ቀረ። ማን እንደሚሆን ካልታወቀ ምን ይሠራል ተባለ። እሱም ወጣ። አልሸሹም ዞር አሉ ይሏችኋል ይህ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ሸራው ላይ በጥቁር ዘይት፣ በትልልቅ ፊደል የጻፍኩት «እንኳን አደረሰን» የሚል ነበር።

ዘርኡ ሸራውን አየ፣ እኔን አየ።

«ይህን ለመጻፍ ነው ዘይቴን የጨረስከው?»

«እኔ ጸሐፊ ነኝ» አልኩት።

የባሰው ገና ነበር። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ኣቦይ ሐጎስ ጋቢውን አጣፍቶ ወደ ካፖው ቤት ሄደ። የሄደበትን ለማንም አልተናገረም። ሲመለስ አንድ ወፍራም በግ ይጎትታል።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለ ዘርኡ።

«በግ ነው።»

«በግነቱንማ አየሁት። ከየት መጣ?»

«ካፖው ሰጠን። ነገ ደጅህ ላይ ልንሰለፍ ነው፣ እንዳትደነግጥ ብዬ ነገርኩት። እሰይ፣ እንኳን አደረሳችሁ አለኝ። እሱም ይመጣል።»

«ኣቦይ! የምንቃወመው እኮ እሱን ነው!»

«እንቃወመዋለን። ማን አንቃወምም አለህ? በጉን ሰጥቶን ሳንጠራው ብንበላ ግን ምን ይለናል?»

«የሰው ደጅ ላይ ስትሰለፍ ፈቃድ ትጠይቃለህ እንዴ?»

«ሳትነግር ሰው ደጅ ላይ ብትቆም ወይ ሌባ ነህ ወይ መርዶ ነጋሪ። አስመራ አያስተምሩም ይህን?»

ዘርኡ ቱታውን አራግፎ ወጣ። ሙሔ በጉን ዞሮ ዞሮ አየውና፣ «እሱም ከእኛ ጋር ይሰለፋል? ከሁላችን የሚበልጥ አቤቱታ ያለው እሱ ነው» አለ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ተረቱ ድሩ አስቀድሞ ወደ አንበሳው ቤት ሄዶ «ልናስርህ ነው፣ ይመችሃል?» ማለቱን አይናገርም።

ግንቦት አራት ጠዋት ተሰለፍን። ከመካከላችን ሠልፍ የሚያውቁት በጣልያን ጊዜ የተሰለፉት ብቻ ናቸው። እነሱ ደግሞ አንድ እርምጃ በሄዱ ቁጥር ቀኝ እጃቸው በጣልያን ሰላምታ ወደ ላይ ይነሣል። ዘርኡ ከዳር እየሮጠ እጅ ሲያወርድ ደከመ። ከፊት በጉ፣ ቀጥሎ ሸራውን የያዝነው እኔና ሙሔ፣ ከኋላችን ኣቦይ ሐጎስ፣ ከዚያ ሌላው ሁሉ ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ፣ ራሱን ደፍቶ፣ ቀስ እያለ ይከተላል። ግደይ መጨረሻ ላይ ነበር፤ እጁን በነጠላው ሸፍኗል።

በጨው ተራ ስናልፍ አንዲት አሞሌ የምትሸጥ ሴት ብድግ አለችና «መን ሞይቱ?» ብላ ጮኸች። ማን ሞተ ማለቷ ነው። እውነቷን ነው፤ ያን የመሰለ አካሄድ ለቀብር ካልሆነ ለምንም አይሆንም።

«ገና ነው እናቴ» አላት ሙሔ። «ወሩ ሲያልቅ ነው።»

ከኋላችን ግደይ ይህን ሰምቶ እንደሆነ አላውቅም። አልዞርኩም።

ከካባው መሥሪያ ቤት ስንደርስ ካፖው ኮቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን አድርጎ በር ላይ ቆሟል። ሸራውን ቀስ ብሎ አነበበው። «እንኳን አብሮ አደረሰን!» አለ። ከዚያ ከደረጃው ወርዶ ከበጉ አጠገብ፣ ከሠልፉ ፊት ቆመ። እኛም ተከተልነው። ምን እናድርግ? የሚመራው ሰው ሲገኝ መከተል የለመደ እግር ነው ያለን። ዘርኡ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «አሁን እኛ ማንን ነው የምንቃወመው?» አለኝ። ሸራው ከብዶኝ ስለነበር አስተካክዬ ያዝኩት።

ከከተማው ዳር ወዳለው ወደ ዓይናለም ወጣን። ውሃ አለ፣ ትልቅ ሾላ አለ፣ ጥላው ለሁላችን ይበቃል። የሠራተኞቹ ሚስቶች ሕምባሻና ስዋ ይዘው ቀድመው ደርሰዋል። ጠላ ማለት ነው ስዋ፤ ግን መቀሌ ውስጥ ጠላ ያለ ሰው እንግዳ መሆኑ ይታወቅበታል። በጉ ታረደ፣ ተገፈፈ፣ ተጠበሰ። ካፖው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ጋቢ ተነጥፎለት ተቀመጠ። ድንጋዩን እኔና ሙሔ ነን ያመጣነው።

እጅ ያስታጠበው ግደይ ነው። ማንም አላዘዘውም፤ ሥራ ፈቶ መታየት ስላልፈለገ ማሰሮውን በግራ እጁ አንሥቶ ዞረ። ካፖው ዘንድ ሲደርስ፣

«ኣያ ግደይ፣ እጅህ እንዴት ሆነ?» አለው ካፖው፣ እጁን እየታጠበ።

«ተመስገን። ድኗል።»

«እሰይ። እግዚአብሔር ይመስገን።»

ምን ይበል? እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ከፊታችሁ የታጠበ እጅ ተዘርግቶ፣ ከኋላችሁ ሥጋ እየጨሰ?

ስምምነቱ ዘርኡ እንዲናገር ነበር። ዘርኡ ሊነሣ ሲል ኣቦይ ሐጎስ ቱታውን ይዞ «ገና እየቆረሰ ነው» አለው። ጥቂት ቆይቶ ሊነሣ ሲል «አሁን አፉ ሙሉ ነው»። ሲሠልስ «አሁን እየጠጣ ነው፤ ትን ቢለውስ?» በአራተኛው፣ «አሁንማ ጠግቧል። የጠገበ ሰው ይተኛል እንጂ ነገር ይሰማል?»

«ታዲያ መቼ ነው ኣቦይ?»

ሽማግሌው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማኝ ልጄ። የሰው በግ በልተህ፣ ቅባቱ ከእጅህ ሳይለቅ፣ በዚያው ማዕድ ላይ ሰውየውን መክሰስ ነውር ነው። ለዚህ ሌላ ቀን አለ።»

«ቀን ፈልገንማ ነበር» አለ ሙሔ። «ሁሉም ባለቤት አለው ብለኸን።»

ሙሔ ሥጋውን አልበላም። የክርስቲያን ቢላዋ ያረደውን አይበላም፤ ስለዚህ ኪሱ ውስጥ ከያዘው ቆሎ እያፈሰ ይቆረጥማል። ሲቆረጥም ድምፁ ይሰማኝ ነበር።

ከዚያ ያልጠበቅነው ሆነ። ካፖው ራሱ አጥንቱን አስቀምጦ ዙሪያውን አየና፣ «በእውነት አስደስታችሁኛል። አንድ ቤተሰብ ነን። ችግር ያለበት ሰው ካለ፣ ዛሬ በዓል ነው፣ ሳይፈራ ይናገር» አለ።

ከዚህ የተሻለ በር ይከፈታል? የምንገፋው በር ራሱ ተከፍቶ «ግቡ» ይላል። እኛ ግን በሩን ለመግፋት ነበር የተዘጋጀነው፤ ተከፍቶ ሲጠብቀን ምን እንደምናደርግ አልመከርንበትም። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። አንዱ ጥርሱን ይጎረጉራል። ኣቦይ ሐጎስ «ምን ችግር አለ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን» ሊል ጉሮሮውን ጠረገ።

ሙሔ ተነሣ። የቆሎውን ገለባ ከጉልበቱ አራገፈ።

«ጌታው፣ እኔ ከበግህ አልቀመስኩም» አለ። «ይህ ቆሎ የራሴ ነው። የበሉት ቢናገሩ ነውር ከሆነ ነውሩ እኔን አያገኘኝም። እነዚህ ሰዎች ዛሬ የወጡት ለበግ አይደለም። ግደይ ጣቱን የሰጠው ለካባህ ነው። ወሩ ሲያልቅ ከነልጆቹ ሜዳ ላይ ይወድቃል። ካባው ዘበኛ የለውም። ግደይ ዘበኛ ሆኖ ባራካው ውስጥ ይቆይ። በቃ ይኸው ነው። እኛ አፍረን እንጂ ጠዋት ደጅህ ላይ ልንል የመጣነው ይህን ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ንግግር ሰምቻለሁ። ያን የሚያህል አጭር አልሰማሁም።

ካፖው ፊቱ አልተለወጠም። «የሁላችሁም ቃል ነው?» አለ።

ሰው ሁሉ ወደ ሥጋው ጎንበስ አለ።

«ጠየቅኳችሁ እኮ። የሁላችሁም ነው ወይስ የእሱ ብቻ?»

ዘርኡ «የሁ...» ብሎ ሲነሣ ኣቦይ ሐጎስ ቱታውን ሳበውና ቁጭ አደረገው። ካፖው ዓይኑን አዙሮ እኔ ላይ አሳረፈው።

«አንተ የላስታው፣ ባሬላ አብራችሁ አይደል የምትሸከሙት? የአንተም ቃል ነው?»

አፌ ውስጥ ሥጋ ነበር። እስክውጠው ካፖው ፊቱን አዞረ። ቶሎ መዋጥ እችል ነበር።

«እሺ። ሰምቻለሁ» አለ ካፖው። ኣቦይ ሐጎስም ወዲያው ተነሥቶ እጁን ዘርግቶ መመረቅ ጀመረ፤ ካፖውን፣ ካባውን፣ መፍጫውን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን መረቀ። እኛም አሜን አልን። አሜን ስንል ድምፃችን ሾላው ላይ ያሉትን ወፎች አስነሣ። ያ ሁሉ ድምፅ ከወዴት እንደመጣ እንጃ።

ካፖው በበቅሎው ቀድሞን ሄደ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ መንገዱን ሁሉ ጀግና ሆንን። «ልክ ልኩን ነገረው!» አለ አንዱ። «ካፖው እኮ ላብ ላብ አለው፣ አላያችሁም?» አለ ሌላው። «እኔም ልጨምርለት ነበር፣ ምርቃቱ ቀደመኝ» አለ ሦስተኛው። ኣቦይ ሐጎስ ብቻ ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ብናገረው ኖሮ ለስለስ አድርጌው ነበር» አለ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ! ቀኑን ሙሉ ለስለስ ሲያደርግ ውሎ!

ሙሔ ከጎኔ ነበር። ሸራውን ጠቅልዬ ተሸክሜው ነበር፤ ጫፉን ያዘልኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ካባው መግቢያ ላይ ስንደርስ ግደይ ቆሟል። ከጣልያን የቀረ ረጅም ካፖርት ለብሷል፤ በግራ እጁ ዱላ ይዟል። ሚስቱ ከባራካው በር ላይ ቆማ ዕልል ትላለች። ሰው ሁሉ እየሳመው፣ «እንኳን ደስ ያለህ ኣያ ግደይ» እያለው ያልፋል። እኔም ስሜው አለፍኩ። ሙሔ ከኋላዬ ነበር።

ዱላው በመሃላችን ወረደ።

«ሙሔ ሓወይ» አለ ግደይ። ድምፁ በግድ ይሰማል። «አንተን እንዳላስገባ ታዝዣለሁ።»

«በማን?»

«በካፖው። ጠዋት ልብሱን ሲሰጠኝ... የመጀመሪያ ሥራህ ይህ ነው አለኝ። የአንድ ሰው ቃል ከሆነ የአንድ ሰው ጥጋብ ነው አለ። እምቢ ልበለው? ንገረኝ፣ እምቢ ልበለው?»

ዕልልታው አላቆመም፤ ሴትየዋ ሩቅ ስለሆነች የሚባለውን አልሰማችም።

ሙሔ ዱላውን አየ። ከዚያ ግደይን አየ። ከዚያ ሳቀ፤ እውነተኛ ሳቅ።

«አንተ ሰውዬ፣ ለዚህ ዱላ ነው እኮ የጮኽኩት» አለው። «ጫፉን አትያዘው፣ ይወድቅብሃል። መሃሉን ያዝ። እንዲህ። አየህ? እንዲህ ከያዝከው እኔንም ሌላውንም ታቆማለህ።»

የግደይን ግራ እጅ ይዞ መሃሉ ላይ አስተካከለለት። ወደ እኔ ዞረ። «ባሬላው ኋላው ይከብዳል» አለኝ። «ለሚመጣው ሰው ንገረው፤ ጀርባውን እንዳይጎዳ።»

ካባው ውስጥ ስም መጥራት ተጀመረ። ሰው ሁሉ ተሰልፎ አቤት ይላል። የእኔም ስም ተጠራ።

አቤት አልኩ።

ትሉኝ ይሆናል፣ «ታዲያ ምን ያማርርሃል? ግደይ ዘበኛ ሆነ፣ ልጆቹ ባራካው ውስጥ አደጉ፤ የወጣችሁለትን አገኛችሁ።» ልክ ናችሁ። ሠልፉ ተሳክቷል። እኔ ራሴ ይህን ስንት ጊዜ ለራሴ ነግሬዋለሁ። ኣቦይ ሐጎስም ነገሩ በተነሣ ቁጥር «ይኸው በሰላም አለቀ» ይል ነበር፣ ነፍሱን ይማርና።

ሙሔ በዚያው ሳምንት ከጨው ነጋዴዎች ጋር ወደ ደቡብ ወረደ። ዘርኡ ቱታውን መፍጫው ላይ ሰቅሎ አስመራ ተመለሰ። ሌሎቻችን በሙሉ ቀረን።